የቤት ቈጠራና የአል-ሳሃፋ ተከራዮች

የከተማ ፕላን ባለሙያ ዘመኑን ሁሉ በካርታና በሰንጠረዥ ላይ አጐንብሶ ቢውልም፣ ሥራው የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው መንግሥት የሕዝቡን አኗኗር ለማወቅ ብሎ በሚያስጠናው ጥናት ላይ ስለ ሆነ፣ ጥናቱ በምን ዓይነት መጠይቅ እንደ ተካሄደ፣ መልሱን የሰጠው ማን እንደ ነበረና ከዚያ የተገኘው ቍጥር ለማን ቤት እንዳሠራ መመርመር ከሁሉ አስቀድሞ የሚገባው ተግባር ነው። እኔም በካርቱም ሳለሁ፣ ከከተማይቱ በስተ ደቡብ በሚገኘው በአል-ሳሃፋ ሰፈር፣ ለአንድ የቤተሰብ አኗኗር ጥናት ተቀጥሬ መጠይቅ ይዤ ከግቢ ወደ ግቢ ስዘዋወር ያየሁትንና ከዚያ ወዲህ በልቡናዬ ሲመላለስ የኖረውን ሐሳብ ለሙያ ባልደረቦቼ ለማካፈል ይህን ማስታወሻ ጻፍሁ። የሱዳኑን ዘመን በአውሮፓውያን፣ ያገራችንን በራሳችን አቈጣጠር አስቀምጫለሁ።

አል-ሳሃፋ በመንግሥት ፕላን የተነደፈ ሰፈር ነው። መንገዶቹ ቀጥ ያሉ፣ ቤቶቹ ቍጥር በተሰጣቸው፣ ሙረባዕ በሚባሉ ብሎኮች የተከፈሉ፣ እያንዳንዱም ይዞታ በግንብ የታጠረና የብረት በር ያለው ስለ ሆነ፣ ካርታውን ከጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የሚመለከት ሹም ምንም የተሰወረ ነገር ያለበት አይመስለውም። ነገር ግን ሰፈሩ ለአገር አቋራጭ አውቶቡስ ጣቢያውና ለአካባቢው ትልቅ ገበያ ቅርብ በመሆኑ፣ በመተማና በጋላባት አድርጎ በገዳሪፍ በኩል የመጣው ያገራችን ሰው ከአውቶቡስ እንደ ወረደ መጠጊያ የሚፈልገው በዚሁ አካባቢ ወይም ከዚያ ወደ ሰሜን ባለው፣ ዴም በሚባለው ሰፈር ነበር፤ የሰፈሩም ባለ ይዞታዎች ይህን አይተው በግቢያቸው ግንብ ዙሪያ ክፍል በክፍል እየጨመሩ፣ አንዱን ክፍል ለጐንደሬ፣ አንዱን ለኤርትራዊ፣ አንዱን ከምዕራብ ሱዳን ለመጣ ቤተሰብ ያከራዩ ነበር። በአንድ ሆሽ፣ ማለት በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ የውሃ ቧንቧና በአንድ መጸዳጃ የሚገለገሉ አምስትና ስድስት የተለያዩ ማጀቶች ማግኘት የተለመደ ነበር። ከውጭ ሲያዩት ግን አንድ በርና አንድ ቍጥር ብቻ ነው።

ጥናቶቹ አንድን ይዞታ እንደ አንድ ቤተሰብ የመቍጠራቸው ልማድ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ወደ እንግሊዞች ዘመን መመለስ ያስፈልጋል። የእንግሊዝና የግብፅ ጥምር አስተዳደር መንግሥት የካርቱምን መሬት አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ብሎ በመክፈል፣ የቦታውን ስፋት፣ የተፈቀደውን የግንባታ ዕቃና የሊዙን ዘመን በየደረጃው ወሰነ፤ ለድኾች በተመደበው በሦስተኛው ደረጃ ቤቱን በጭቃ መሥራት ሲፈቀድ፣ የይዞታው ዘመን ደግሞ አጭር ተደረገ። ከዚያም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ዴም በመባል የሚታወቁት አሮጌዎቹ የሠራተኞች መንደሮች ከሥፍራቸው ተነሥተው ወደ ደቡብ፣ ዛሬ ዴም ወደሚባለው ቦታ እንዲዛወሩ ሲደረግ፣ ሳዓድ አድ-ዲን ፋውዚ የተባለ ሱዳናዊ የኢኮኖሚ ሊቅ አሮጌውንና አዲሱን ዴም እያነጻጸረ መርምሮ ጥናቱን በ1954 «ሱዳን ኖትስ ኤንድ ሬኮርድስ» በተባለው መጽሔት ላይ አወጣ። ይህን ጥናት ለሥራዬ ስል ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ የማከብረውም ስለ መሬቱ ብቻ ሳይሆን በመሬቱ ላይ ስለ ሰፈሩት ሰዎች ዘር፣ ሥራና ማኅበራዊ ኑሮ ስለሚናገር ነው። እንዲህ ያለው ምርመራ ሱዳን ነፃ ሳትወጣ ተጀምሮ ሳለ፣ ከዚያ ወዲህ የከተማ ሹማምንት ዋና መሣሪያ ሳይሆን መቅረቱ እጅግ ያሳዝነኛል።

ከነፃነት በኋላ የመጡት ታላላቅ ፕላኖች በአብዛኛው የውጭ አገር አማካሪዎች ሥራ ነበሩ። የግሪኩ የዶክሲያዲስ ድርጅት በ1959፣ የጣሊያኑ ሜፊት በ1970ዎቹ፣ ዶክሲያዲስ እንደ ገና በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ሜፊትም ሁለተኛ ጊዜ በ2008 አካባቢ የካርቱምን የወደፊት መልክ ነደፉ። በእነዚህ ሥራዎች የተደከመውን ድካም የሚያቃልል የሙያ ሰው አይገኝም። ሆኖም መንግሥት መሬት ሲያድል ዜግነትን፣ የቤተሰብ ኃላፊነትንና በከተማይቱ የኖሩበትን ዘመን እየመዘነ ስለ ነበረ፣ ጥናቱም ሳይታወቀው ያንኑ መሬት የሚገባውን ሰው፣ ማለት ያገባውንና ልጆች ያሉትን ሱዳናዊ አባወራ ብቻ ፈልጎ የሚያገኝ ሆነ። ፖሊሲው አስቀድሞ የመረጠውን ሰው ጥናቱ ይቈጥረዋል፤ የተቈጠረው ሰው ቍጥር ደግሞ ፖሊሲው ትክክል እንደ ነበረ ምስክር ሆኖ ይቀርባል። በሙያዬ ይህን ያህል ከባድ ስሕተት፣ በዚህም ያህል በቀላሉ የሚያልፍ ሌላ ነገር አላየሁም።

እኛ በያዝነው መጠይቅ ላይ የመጀመሪያው መስመር «የይዞታው ባለቤት ስም» የሚል ነበር። በሩን ስናንኳኳ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ወይም ወኪሉ ነው፤ በሱዳናውያን የእንግድነት ደግነት ወንበር አውጥቶ፣ ሻይ አስቀርቦ፣ ስለ ራሱ ልጆች፣ ስለ መብራቱና ስለ ውሃው ሁሉን ይነግረናል፤ ስለ ሌሎቹ ክፍሎች ስንጠይቀው ግን «እነዚያ ሐበሾች ናቸው፤ ይመጣሉ ይሄዳሉ» ብሎ ይዘጋዋል። የጥናቱ ደንብ ከዚህ በላይ እንድንጠይቅ አያስገድድምና ቅጹ በዚያው ተሞልቶ ይጠናቀቃል። እኔ ግን አማርኛ ስለምናገር፣ ፈቃድ እየጠየቅሁ ወደ ውስጠኛዎቹ ክፍሎች እገባ ነበር። ከእነዚህ በአንዱ በዕድሜ የገፉ፣ ሻይ በመሸጥ የሚተዳደሩ አንዲት የጐንደር ሴት አገኘሁ። በዚያች ክፍል ለሃያ ዓመት ያህል ኖረዋል፤ ግቢው በዚህ ዘመን ሁሉ ሁለት ጊዜ ባለቤት ለውጧል። «እትዬ፣ ጥቂት ልጠይቅዎ ነበር» ብዬ ወረቀቴን ሳወጣ፣ «ልጄ፣ ጠይቀኝ፤ ግን ጽፈህ ለማን ልትሰጠው ነው?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ በአማካሪ ድርጅቶች ጠረጴዛ ላይ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁሉ የሚበልጥ እንደ ሆነ ዛሬም አምናለሁ። የሱዳን የ1974 የጥገኝነት ሕግ ስደተኛው ከተወሰነለት መኖሪያ ያለ ፈቃድ እንዳይለቅ ይከለክል ስለ ነበር፣ በካርቱም የሚኖር ስደተኛ ብዙ ጊዜ በቤቱ መገኘቱ ራሱ ጥፋት ሆኖ ይቈጠርበት ነበር፤ «ከሻ» የሚሉት የፖሊስ አፈሳ ደግሞ በየጊዜው ከመንገድና ከሰፈር ሰው ይለቅም ነበር። በመጽሐፍ ቅዱስም ቢሆን ሁለት ዓይነት ቈጠራ እናገኛለን። በኦሪት ዘኍልቍ ሕዝበ እስራኤል በየነገዳቸውና በየአባቶቻቸው ቤት ይቈጠራሉ፤ በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ካልዕ ግን ንጉሥ ሰሎሞን በአገሩ ያሉትን መጻተኞች ቈጥሮ 153,600 ሆነው ሲያገኛቸው፣ ወዲያው ሸክም ተሸካሚዎች፣ ድንጋይ ጠራቢዎችና የሥራ ተቈጣጣሪዎች አድርጎ መደባቸው። እንግዳ ሰው መቈጠርን የሚፈራው ባለማወቅ አይደለም። የጐንደሯ እናት ያን የመሰለውን ነገር በኑሯቸው ያዩ ናቸውና፣ ስማቸውን እንዳልጽፍ፣ የክፍሉን ስፋት፣ የኪራዩን ልክና የነዋሪውን ብዛት ብቻ እንድጽፍ ተስማማን። ከዚያ በኋላ የነገሩኝ ሁሉ ባለ ይዞታው ከነገረን ጋር ሲተያይ የሌላ ሰፈር ነገር ይመስል ነበር፤ ከስድስቱ ክፍሎች የሚሰበሰበው ኪራይ፣ በክረምት የሚያፈስሰው ጣራ፣ ኪራይ ሲጨመር ማስጠንቀቂያ የሚሰጥበት ጊዜ ማጠር፣ ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ቅጽ ላይ ስፍራ አልነበረውም።

ኤርትራዊው ምሁር ጋይም ክብርአብ በ1996 በ«አፍሪካን ስተዲስ ሪቪው» ስለ ካርቱም ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ያሳተመውን ጥናት፣ ዓይን ለማየት እምቢ ያለውን ነገር የሚል ርእስ የሰጠው በምክንያት ነው። የሱዳን መንግሥት ስደተኞች በምሥራቁ ክፍል ባሉ ሰፈራዎች እንዲኖሩ ይፈልግ ስለ ነበር፣ በከተማ ያለውን ስደተኛ አጥንቶ መገኘት ፖሊሲው እንዳልሠራ ማመን ይሆንበት ነበር። ቈጠራ ምን ያህል የመንግሥት ጉዳይ እንደ ሆነም በ2008 በተደረገው አምስተኛው የሱዳን ሕዝብ ቈጠራ ግልጥ ሆኗል፤ የካርቱም ክፍለ ሀገር ሕዝብ ወደ 5.27 ሚሊዮን ገደማ፣ በሰሜን ያሉት የደቡብ ተወላጆች ግን ከ520 ሺህ የማይበልጡ ተብሎ ሲነገር፣ የደቡቡ መሪዎች ይህን ቍጥር አንቀበልም አሉ። በዚያ ክርክር የተሰለፉት ኃይል ያላቸው ወገኖች ነበሩ፤ በአል-ሳሃፋ ክፍሎች ስላለው ሐበሻ የተከራከረ ግን ማንም አልነበረም።

ወደ አገራችን ስመለስም ይኸው ነገር በሌላ ልብስ ይገጥመኛል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቍጥር 47 ሲወጣ፣ የወር ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ የቀበሌውም መዝገብ ዋናውን ተከራይ በስሙ እየጻፈ፣ በዚያው ጣራ ሥር በደባልነት የሚኖረውን ሰው ለዋናው ተከራይ ምሕረት ተወው። በ1997 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤት ከ450 ሺህ በላይ ሰው ሲመዘገብ፣ ያ መዝገብ የቤት ፍላጎት ጥናት ያህል ተቈጥሮ ለዓመታት ሲጠቀስ ኖሯል፤ ነገር ግን የቀበሌ መታወቂያ የሌለው ደባል፣ ከገጠር የመጣችው የቤት ሠራተኛ፣ በአንድ ክፍል አምስት ሆነው የሚያድሩት የቀን ሠራተኞች በዚያ መዝገብ የሉም። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቈጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ ታስቦ የነበረው አራተኛው እየተራዘመ እስከ ዛሬ አልተደረገም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቍጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ሲደነግግ፣ ለዘመናት በቃል ብቻ ለኖረው ተከራይ የመጀመሪያውን የመዝገብ መስመር ከፈተለት። አዋጁን በሙሉ ልብ የምደግፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ የምሰጋውም ምዝገባው ከአከራዩና ከዋናው ተከራይ አልፎ ደባሉ ዘንድ ሳይደርስ እንዳይቆም ነው።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሣ፣ አል-ሳሃፋም እንደ ሌሎቹ ሰፈሮች የመድፍና የአውሮፕላን ድብደባ ደረሰበት፤ የግቢዎቹም ነዋሪዎች በአንድነት ወጡ። በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ከገቡት ወገኖቻችን መካከል በዚያ ሰፈር ዐሥርና ሃያ ዓመት የኖሩ ነበሩበት። ባለ ይዞታው ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ቤቱ ቢፈርስም የመሬት መዝገብ ስለሚኖረው ካሣም ሆነ የግንባታ ብድር ለመጠየቅ መነሻ አለው፤ ዕቃቸውን፣ የቅድሚያ ኪራያቸውንና የንግድ ቦታቸውን ያጡት ተከራዮች ግን እዚያ እንደ ነበሩ የሚመሰክርላቸው አንድ ወረቀት የለም። በመጋቢት 2025 የሱዳን ሠራዊት ከተማይቱን መልሶ ከያዘ በኋላ ሰው መመለስ ጀምሯልና፣ የመልሶ ግንባታው ጥናት ይዋል ይደር እንጂ መደረጉ አይቀርም።

እንግዲህ ያን ጥናት በካርቱም፣ ወይም አራተኛውን ቈጠራ በአገራችን ለማካሄድ የምትሰማሩ የሙያ ባልደረቦቼን የምለምናችሁ ይህን ነው። ከይዞታው ባለቤት ስም በታች ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ መስመር ክፈቱ፤ መልሱንም ከባለ ግቢው አንደበት ሳይሆን በክፍሉ ከሚያድረው ሰው ተቀበሉ፤ ስሙን መስጠት የማይወደውን ሰው ስሙን አትጠይቁት። የተሞላው መጠይቅ ለፖሊስም ሆነ ለግብር ሰብሳቢ እንዳይተላለፍ መንግሥት አስቀድሞ በጽሑፍና በሕግ ካልተገደደ በቀር፣ የማንንም ደጃፍ አታንኳኩ።