ቀብድ ከመከፈሉ በፊት

አሮጌ ቤት የሚገዛ ሰው ወደ እኔ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ቀብዱን ከሰጠ በኋላ ነው። «መሐንዲስ፣ እስቲ አንዴ እየውና ንገረን» ይላል፤ ኪሱ ውስጥ ግን ሦስት ምስክሮች የፈረሙበት ወረቀት አለ። በዚያ ሰዓት የምናገረው ሁሉ ምክርነቱ ቀርቶ መርዶ ይሆናል።

ለምን እንደሚቸኩል ይገባኛል። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ የቤት ገበያ የሚደራው በበጋ ነው፤ እህሉ ተወቅቶ፣ ተሽጦ ብር እጅ ሲገባ። ደላላው «ከባሕር ዳር ሌላ ገዥ እየመጣ ነው» ይላል። ሻጩ ግድግዳውን ቀለም አስቀብቷል። ቤት የሚፈተነው ግን በሐምሌና በነሐሴ ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በተቀመጠው በዚህ ደጋ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በጥር ቤት የሚያይ ሰው የክረምቱን ዱካ መፈለግ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል። ቀብድ ያንን ጊዜ ይወስድበታል።

ቀብድ ቀልድ አይደለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 እንደሚለው፣ ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ሰጪው ሐሳቡን ቢለውጥ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢለውጥ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይታይ።

እኔ ከእግር በታች እጀምራለሁ። የጭቃ ቤት ዕድሜ የሚወሰነው ቋሚው መሬት በሚነካባት ስንዝር ላይ ነው። ቋሚው ጥድ ወይም ወይራ ከሆነና በድንጋይ መሠረት ላይ ከቆመ፣ አያት የሠራውን ቤት የልጅ ልጅ ይኖርበታል። እንዲህ ያለውን አፍርሱት ብዬ አላውቅም፤ የዋንዛ በርና መስኮት ካለውማ ዛሬ በቀላሉ የማይገኝ እንጨት ነው። ባሕር ዛፍ እንዲሁ መሬት ውስጥ ከተተከለ ግን ከላይ ደረቅ መስሎ ከታች ይበሰብሳል። ወደ ዓባይ በረሃ ወረድ ሲሉ የሚያስቸግረው ምስጥ ነው፤ ደጋው ላይ የእንጨት ጠላት እርጥበት ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ በሲሚንቶ የተለሰነ የጭቃ ግድግዳ ነው። ሲሚንቶና ጭቃ አይዋደዱም። ጭድ ገብቶበት የተመረገው ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው ግን ግትር ነውና ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ ያጣና ቋሚውንና ማገሩን ከውስጥ ያበሰብሳል። ገዥው ደግሞ «ልስን ነው» ብሎ ዋጋ ይጨምርበታል።

በቅርቡ አንድ ባልና ሚስት እንዲህ ያለ ቤት ሊያሳዩኝ ይዘውኝ ሄዱ። የቤቱ ባለቤት አዛውንት ሴት ናቸው። የሳሎኑን ግድግዳ በጣቴ አንጓ አንኳኳሁት፤ ከወገብ በላይ ድፍን ድምፅ፣ ከወገብ በታች ግን ባዶ።

«እታለም፣ ይኸ ልስን መቼ ተሠራ?»

«ልጄ ከአዲስ አበባ መጥቶ አሳምሮልኝ ሄደ፤ ዘንድሮ በጥቅምት።»

ቁም ሳጥኑን ፈቀቅ አድርገን፣ ልስኑ በተላቀቀበት በኩል ምስማር ወደ ቋሚው ሥር ገፋሁ። ያለ መዶሻ ገባ። እታለም አልደበቁም፤ «እሱ ጥግማ ክረምት ክረምት ይረጥባል» አሉ። ከዚያ በፊት ቤቱን ያየ ብዙ ሰው ነበር፤ ስለ ክረምቱ የጠየቃቸው ግን የለም። ቀብድ ስላልተከፈለ ያንን ግድግዳ አፍርሶ መልሶ የመሥራቱ ወጪ ከዋጋው ተቀንሶ ተስማሙ። ቀብዱ ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ወጪው የገዥዎቹ ብቻ ይሆን ነበር።

የቀረውን በአጭሩ ላንሳው። ኮርኒሱን ቀና ብሎ ማየት ነው፤ አቡጀዲ ከሆነ ቡናማ ክብ እድፍ ቆርቆሮው የሚያፈስበትን ቦታ ይናገራል። የአንድ ክፍል ኮርኒስ ብቻ ተለይቶ ከታደሰ «ለምን?» ይባላል። ደጀንና ቢቸና በኩል እንዳለው ያለ ጥቁር አፈር ላይ የቆመ የብሎኬት ቤት ከሆነ፣ ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ካለ ማየት ነው፤ ያ አፈር ክረምት አብጦ በጋ ስለሚሰነጠቅ መሠረቱን ያነቃንቀዋል። የኤሌክትሪኩም መስመር ቀጭን የድሮ ሽቦ ከሆነ የእንጀራ ምጣድ አይችልም። ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ነው። በአሮጌ ግቢ በየዘመኑ የተቆፈረና የተደፈነ ጉድጓድ አይጠፋም፤ ሰርቪስ ቤቱ በላዩ ከተሠራ ወለሉ ይሰምጣል። የት የት እንደነበረ ጎረቤት ያውቃል።

ግድግዳ በገንዘብ ይጠገናል፤ የሰነድ ጉድለት ግን ፍርድ ቤት ያመላልሳል። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ትርፍ ቤቶች ወደ ቀበሌ ገቡ። ዛሬም የቀበሌ ቤት ቁልፍ ተቀብሎ «ቤት ገዛሁ» የሚል አይጠፋም። የግል ቤት ከሆነም ካርታው በማን ስም ነው? በሟች አባት ስም ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫ ወጥቷል ወይ? ወራሾቹ ሁሉ ተስማምተዋል ወይ? ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛ ስምምነት ያስፈልጋል። በውክልና የሚሸጥ ካለ ውክልናው ቤቱን ለመሸጥ ሥልጣን የሚሰጥ ልዩ ውክልና መሆን አለበት፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2205 ይህን ይጠይቃል። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ የተላለፈ ነባር ይዞታ በሊዝ ሥሪት እንደሚያዝ ይደነግጋል። ስለዚህ የሊዙን ክፍያ ከከተማው አስተዳደር አስቀድሞ ጠይቆ ከዋጋው ጋር መደመር ነው። እዚያው እያሉ ቤቱ በመሪ ፕላኑ መንገድ ላይ አለመዋሉንና የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት ማጣራት ይቻላል።

ይህን ሁሉ እስካጣራ ቤቱ ያመልጠኛል የሚል ገዥ አለ፤ ስጋቱ እውነት ነው። ቀብድ ሳይሰጥ የማይሆንለት ከሆነ ገንዘቡ ጥቂት ይሁን፤ ወረቀቱ ላይም ሁለት መስመር ይጨመርበት፦ ስመ ንብረቱ የማይዛወር ከሆነ ወይም በባለሙያ ምርመራ ያልተነገረ ጉዳት ከተገኘ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል የሚል። ዋናው ውል ደግሞ በአንቀጽ 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው አካል ፊት ይመዝገብ። ቤቱን አውቆ የሚሸጥ ሰው እነዚያን ሁለት መስመሮች ለመፈረም አይቸገርም። አልፈርምም ካለ ግን እኔን መጥራት ሳያስፈልግ መልሱ ተገኝቷል።