ጋስኮይን የተቀነሰባት የጎልፍ ገነት

የእንግሊዝን ኳስ ከድሮ ጀምሮ ለምትከታተሉ «ላ ማንጋ» የሚለው ስም አዲስ አይሆንባችሁም። እ.ኤ.አ. በ1998 የፈረንሳይ ዓለም ዋንጫ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት አሰልጣኝ ግሌን ሆድል ከሞሮኮና ከቤልጂየም ጋር ካዛብላንካ ላይ የተጫወተውን ቡድን ይዞ ወደ ስፔን ሄደ። ያረፉት ላ ማንጋ ክለብ ነው። 28 ተጫዋቾች ነበሩ፤ ፈረንሳይ የሚገቡት ግን 22 ብቻ። ሆድል ተጫዋቾቹን በየተራ ወደ ክፍሉ እያስጠራ አንተ ትሄዳለህ፣ አንተ ትቀራለህ ይላቸው ጀመር። ከክፍሉ ውስጥ የኬኒ ጂ ሳክስፎን ይሰማ ነበር።

ፖል ጋስኮይን ተራው ሲደርስ እንደሚቀር ተነገረው። 31 ዓመቱን ከሞላ ገና ቀናት ነበሩ። ወንበሩን በእርግጫ መታ፣ መብራቱን ሰባበረ፤ ይህን ሆድል ራሱ በኋላ ባሳተመው ማስታወሻው ላይ ጽፎታል። ፊል ኔቪል፣ ኒኪ ባት፣ ዲዮን ደብሊን፣ ኢያን ዎከርና አንዲ ሂንችክሊፍም አብረውት ተቀነሱ። ጋስኮይን በ57 ጨዋታ ቀረ፤ የሦስቱን አናብስት ማልያ ዳግመኛ አልለበሰም።

ብዙ የኳስ አፍቃሪ ስለ ላ ማንጋ የሚያውቀው እዚህ ድረስ ነው። ቦታው የተሠራው ግን ለኳስ አይደለም። ከመነሻው የጎልፍ ቦታ ነው፤ ያውም የሀብታም። ዘንድሮ አውሮፓ ሄዶ ጥቂት ቀን ጎልፍ መጫወትና በምቾት መሰንበት ለሚያስብ ሰው፣ ለንደንም ይኑር ዋሽንግተን ወይም አዲስ አበባ፣ የዚህ ጸሐፊ ምርጫ ማርቤላም ፖርቱጋልም ሳይሆን ላ ማንጋ ያለችበት የሙርሲያ ክልል ነው። ለምን የሚለውን እንየው።

ዱላና ኳስ ተጫዋች

መጀመሪያ «ጎልፍ ደግሞ እኛን ምን አገባን?» ለሚሉ። የኳሱ ዓለም ከጎልፍ ጋር የተቆራኘው ዛሬ አይደለም። ጋሬዝ ቤል እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 ዌልስ ሃንጋሪን 2 ለ 0 አሸንፋ ለአውሮፓ ዋንጫ ስታልፍ «ዌልስ፣ ጎልፍ፣ ማድሪድ፤ በዚህ ቅደም ተከተል» ከሚል ባንዲራ ኋላ ሲጨፍር ታየ። የማድሪድ ደጋፊ አበደ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ጫማውን ሰቀለ፤ በቀጣዩ ወር ካሊፎርኒያ ፔብል ቢች ላይ ከባለሙያዎች ጋር ጎልፍ ሲጫወት ነበር። ጡረታ እንዲህ ነው!

የሊቨርፑል ደጋፊዎች ደግሞ የ2007ቱን አትረሱትም። ቡድኑ ከባርሴሎና ጋር ለሚያደርገው የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ ለመዘጋጀት ፖርቱጋል፣ አልጋርቭ ገባ። አንድ ምሽት ካራኦኬ ላይ ክሬግ ቤላሚ ጆን አርነ ሪሴን ዝፈን አለው፤ ሪሴ እምቢ አለ፤ ጭቅጭቁ ቤላሚ የጎልፍ ዱላ ይዞ ሪሴ መኝታ ክፍል እስከ መግባት ደረሰ። ከቀናት በኋላ ካምፕ ኑ ላይ ሊቨርፑል 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ጎሎቹን ያገቡት ማን ይመስላችኋል? ቤላሚና ሪሴ። ቤላሚ ደስታውን የገለጸው ዱላ እንደያዘ ሰው እየተወዛወዘ ነው።

አልጋርቭን ያነሳነው ለወሬው ብቻ አይደለም። አልጋርቭና የደቡብ ስፔኗ ማርቤላ አካባቢ በአውሮፓ የጎልፍ ጉዞ ሲባል ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠራቸው ናቸው። ከማርቤላ ብዙም የማይርቀው ቫልደራማ እ.ኤ.አ. በ1997 ራይደር ካፕን ሲያዘጋጅ ውድድሩ በአህጉረ አውሮፓ ምድር ሲካሄድ የመጀመሪያው ነበር። ስም ሲገን ዋጋም ይገናል፤ ሜዳውም ይጨናነቃል። ሙርሲያ ግን በስፔን ደቡብ ምሥራቅ ጥግ ላይ ናት፤ ጠባይዋም የጥግ ነው። ከብሪታኒያና ከሰሜን አውሮፓ ሰዎች ውጪ ስሟን የሚያነሳ ጥቂት ነው።

ፓልመር ያሸነፈበት ሜዳ

ላ ማንጋ ክለብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። የሠራው ግሪጎሪ ፒተርስ የሚባል አሜሪካዊ ባለሀብት ነበር። በተከፈተ በዓመቱ የስፔን ኦፕንን ወሰደና እስከ 1977 ድረስ 5 ጊዜ በተከታታይ አስተናገደ። በ1975 ያሸነፈው አርኖልድ ፓልመር ነው። ጎልፍ ለማታውቁ፣ ፓልመር ማለት ለጎልፍ ፔሌ ማለት ነው ብትሉ ብዙ አትሳሳቱም። ሰውየው በኋላ ተመልሶ ይህንኑ የደቡብ ሜዳ እንደገና ነድፎታል።

ዛሬ በግቢው ውስጥ 3 ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳዎች አሉ፤ ደቡብ፣ ሰሜንና ምዕራብ ይባላሉ። ሦስቱም አንድ አይደሉም። ደቡቡ ረጅም ነው፤ ውሃ የበዛበት፣ ትልልቅ ውድድር ያየ። ሰሜኑ አጠር ይላል፤ ለጀማሪም ይራራል። ምዕራቡ ከሌሎቹ ተነጥሎ በጥድ ዛፎች መሐል በኮረብታ የተሠራ ስለሆነ ቀጥ አድርጎ መምታት ለማይችል ሰው ኳስ መጣያ ነው። እኛ ብንሆን መጀመሪያ ቀን ሰሜን፣ ሦስተኛ ቀን ደቡብ እንላለን። በመጀመሪያው ቀን ደቡብ ገብቶ 10 ኳስ ውሃ ውስጥ ከትቶ የሚወጣ ሰው ቀሪውን ዕረፍት ሲነጫነጭ ይከርማል።

ግቢው ውስጥ ያለው ትልቁ ሆቴል እ.ኤ.አ. በ2023 በግራንድ ሃያት ስም እንደ አዲስ ተከፍቷል። የኳስ ሜዳዎችም አሉ። በክረምት የስካንዲኔቪያ ክለቦች አገራቸው በረዶ ሲሆንባቸው እዚህ መጥተው ይዘጋጃሉ፤ የላ ማንጋ ካፕ የሚባለው የወዳጅነት ውድድርም የተጀመረው ለእነሱ ነው። ስለዚህ በፌብሩዋሪ የሄደ ሰው ቁርስ ላይ ከአንድ የኖርዌይ ክለብ ጋር ሊሰለፍ ይችላል።

2008 ያወረደው ዋጋ

ሙርሲያ ውስጥ ላ ማንጋ ብቻ አይደለም ያለው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ስፔን ውስጥ የቤት ግንባታ ያበደበት ጊዜ ነበር። ፖላሪስ ወርልድ የሚባል ኩባንያ በሙርሲያ ደረቅ ሜዳ ላይ በጃክ ኒክላውስ ስም የጎልፍ ሜዳ እየዘረጋ፣ ዙሪያውን ቪላና አፓርታማ እየሠራ ለእንግሊዞችና ለአየርላንዶች ይሸጥ ገባ። 2008 ላይ የገንዘብ ቀውሱ መጣ፤ ገበያው ቀጥ አለ፤ ንብረቱ ወደ ባንኮች ሄደ። ቤት የገዙ ሰዎች ብዙ ከሰሩ።

ሜዳው ግን ቀረ። ማር ሜኖር፣ ኤል ቫዬ፣ ላ ቶሬ፣ ሃሲየንዳ ሪኬልሜና አልሃማ ዛሬም ይጫወቱባቸዋል። ለጎብኚ ይህ ምን ማለት ነው? አንድ አካባቢ ውስጥ ሜዳ በዝቷል፣ አፓርታማም በዝቷል፤ ሲበዛ ይረክሳል። አራት ጓደኛሞች አንድ ቪላ ተከራይተው በየቀኑ ሌላ ሜዳ መሞከር ይችላሉ። ላ ማንጋ ሆቴል ገብቶ መቆየት የሚፈልግም ይግባ፤ ግን 5 ሌሊት ሙሉ እዚያ ከማሳለፍ 2ቱን ለቅንጦቱ፣ 3ቱን ለቪላው ማድረግ የተሻለ ይመስለናል።

ማር ሜኖር ያመመው ጉዳይ

የሙርሲያን ማስታወቂያ ካያችሁ ሰማያዊ ውሃ አለ። ማር ሜኖር፣ ትንሹ ባሕር፣ ይሉታል። 135 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ የጨው ሐይቅ ሲሆን ከሜዲትራኒያን የሚለየው ላ ማንጋ የተባለው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ቀጭን የአሸዋ ምላስ ነው። በስፓኒሽ ላ ማንጋ ማለት እጅጌ ነው። ይህ ውሃ እ.ኤ.አ. በ2016 አረንጓዴ ሾርባ መሰለ። በ2019 እና በ2021 ደግሞ ዓሣ በቶን እየሞተ ዳር ላይ ተከመረ። ዋናው ምክንያት በዙሪያው ካለው ሰፊ የአትክልት እርሻ የሚገባው ማዳበሪያ ነው። ሕዝቡ ፊርማ አሰባስቦ ጮኸ፤ በ2022 የስፔን ፓርላማ ሐይቁ እንደ ሰው በሕግ መብት እንዲኖረው አደረገ። በአውሮፓ እንዲህ ያለ ነገር የመጀመሪያው ነው።

ጎልፍ ንጹሕ ነው ማለታችን አይደለም። ሙርሲያ ዝናብ የሚናፍቃት ደረቅ ምድር ናት፤ ለእርሻዋ ውሃ ከታሆ ወንዝ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በቦይ ተስቦ ይመጣላታል፤ በዚህ ውሃ የተነሳም ክልሎቹ እስከ ዛሬ ይነታረካሉ። እንዲህ ባለ ቦታ ሳር አረንጓዴ አድርጎ ማቆየት ቀልድ አይደለም። የሚከራዩትን ሜዳ «ውሃችሁ ከየት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ክልሉ የፍሳሽ ውሃን አጣርቶ መልሶ በመጠቀም የታወቀ ስለሆነ በተጣራ ውሃ የሚሠራ ሜዳ ይህን ለመናገር አያፍርም። ለመዋኘት ያሰበ ሰውም ሐይቁ በዚያ ሳምንት እንዴት እንደሆነ አጣርቶ ይሂድ፤ አለዚያ ወደ ሜዲትራኒያኑ በኩል ወይም ካልብላንኬ ወደሚባለው ያልተነካ የባሕር ዳርቻ ይሻገር።

ዕቅዱን እንዴት እናውጣ?

ወሩ ይቅደም። ጁላይና ኦገስት አይታሰብም፤ ፀሐዩ ይጠብሳል። ከማርች እስከ ሜይ፣ ወይም ኦክቶበርና ኖቬምበር ምርጥ ናቸው። በመጸው መጀመሪያ ግን ብዙ ሜዳዎች የክረምቱን ሳር ስለሚዘሩ አንዳንዱ ሊዘጋ፣ አንዳንዱ ሊቦጫጨቅ ይችላል፤ ከመክፈል በፊት ቀኑን ጠይቁ። የመነሻ ሰዓት፣ እነሱ ቲ ታይም የሚሉት፣ አስቀድሞ ይያዛል። 18 ጉድጓድ ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ ቅናሽ ያገኛል፤ ሳይጨርስ ቢመሽበት ግን የራሱ ጉዳይ ነው።

አውሮፕላን ላይ ጥንቃቄ። የቀድሞው የሳን ሃቪየር ማረፊያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2019 ወዲህ ለመንገደኛ ዝግ ነው፤ አዲሱ ኮርቬራ ላይ ነው ያለው። ለንደን ላሉ ወገኖች ይህ ይቀላል፤ በርካሽ አየር መንገድ በቀጥታ ይገባሉ። በረራ ካጡ አሊካንቴ አለ፤ ከዚያ በመኪና ከ1 ሰዓት በላይ ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው በኢትዮጵያ አየር መንገድ ማድሪድ ይገባና እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ሥራ በጀመረው ፈጣን ባቡር ሙርሲያ ከተማ ይደርሳል። ታክሲ ስትይዙ ደግሞ «ላ ማንጋ» ብቻ አትበሉ። ላ ማንጋ የአሸዋው ምላስ ላይ ያለው የመዝናኛ ሰፈር ነው፤ ላ ማንጋ ክለብ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሎስ ቤሎኔስ አጠገብ ነው። ሻንጣና የጎልፍ ቦርሳ ተሸክሞ በተሳሳተ ቦታ መውረድ ዕረፍት አይባልም።

ቪዛው ነው ወገብ የሚቆርጠው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚያመለክቱ ጠበቅ ያለ ውሳኔ አሳልፏል፤ መደበኛው የ15 ቀን የመልስ ጊዜ ወደ 45 ቀን ተዘረጋ፣ ደጋግሞ የሚያስገባው ቪዛም ቀረ። በዚያው ዓመት ክፍያው 90 ዩሮ ገብቷል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ወረቀትም ይጠየቃል። ማመልከቻ እስከ 6 ወር ቀድሞ ማስገባት ስለሚቻል ለማርች ጉዞ መስከረም ላይ መነሳት ነው። ቪዛው እጅ ሳይገባ መመለስ የማይችል ክፍያ አትክፈሉ፤ ሆቴሉ ውድ ቢሆንም የሚሰረዘውን ዓይነት ያዙ። የአሜሪካ ወይም የብሪታኒያ ፓስፖርት የያዙ ወንድሞችና እህቶች ይህ ሁሉ ጣጣ የለባቸውም፤ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይቆያሉ።

የራሱን ዱላ የሚወስድ ሰው በሕጉ ከ14 በላይ ይዞ አይጫወትም፤ አየር መንገዱ ለቦርሳው ምን እንደሚያስከፍል አስቀድሞ ይጠይቅ። ጀማሪ ግን ምን ሲል ይሸከማል? ይከራያል። ከዱላ ኪራይ በተጨማሪ አንድ ሁለት ሰዓት ከአሰልጣኝ ጋር መያዝ ሜዳ ላይ ከመዋረድ ያድናል። አንዳንድ ክለብ የሃንዲካፕ ወረቀት ይጠይቃል፤ ይህንንም ቀድሞ ማጣራት ነው። አለባበስ ደግሞ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ነው። የአርሰናል ወይም የዩናይትድ ማልያ ለብሳችሁ ብትመጡ በአብዛኛው የጎልፍ ክለብ በር ላይ ይመልሷችኋል።

አንድ ቀን ለካርታሄና ከተማ ተዉ። እ.ኤ.አ. በ1988 ከቤቶች ሥር የተገኘው የሮማውያን ቲያትር እዚያ ነው። በኮንዴንስድ ወተትና በመጠጥ የሚዘጋጅ አሲያቲኮ የሚሉት ቡናም አላቸው፤ ለቡና አገር ልጅ ትንሽ ይጣፍጣል፣ ቢሆንም ይቀመሳል። ከዚያ ቅዳሜ ወይም እሁድ ከሆነ የከተማው ክለብ ካርታሄና በሜዳው በካርታጎኖቫ ይጫወት እንደሆነ ጠይቁና ትኬት ቁረጡ። እዚያ ማልያ ይፈቀዳል።