የአየር ልኬት የማን ገንዘብ ነው?

መንግሥታት በጠረፍ፣ በባሕር በርና በቀረጥ ሲከራከሩ ዘመናትን ያሳለፉ ቢሆኑም፣ ከአንዱ አገር ሰማይ ወደ ሌላው ያለ ይለፍ ወረቀት የሚሻገረውን ነፋስና ደመና በሚመለከት ግን፣ ቢያንስ ለመለካቱና የተለካውን ለመለዋወጡ ያህል፣ ከብዙ ሌሎች ጉዳዮች ቀድመው ተስማምተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1873 በቪየና የተሰበሰበው የሜቲዎሮሎጂ ጉባኤም የዚህ ስምምነት መነሻ ሆኖ ይቈጠራል። ይሁን እንጂ ልኬቱ ገንዘብ የሚያወጣ፣ ትንበያውም ገንዘብ የሚያስገኝ እየሆነ ሲሄድ፣ «ማን ከፍሎ ይለካ፣ የተለካውስ ለማን ይድረስ?» የሚለው ጥያቄ በየጉባኤው መነሣቱ አልቀረም። የዓለም የሜቲዎሮሎጂ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 በጄኔቭ ባሳለፈው 40ኛ ውሳኔ መሠረታዊ ለሚባሉት ልኬቶች ነጻና ያልተገደበ ልውውጥን ሲደነግግ፣ ከእነርሱ ውጭ ላሉት ግን አባል አገሮች ቅድመ ሁኔታ ሊያበጁላቸው እንደሚችሉ ፈቀደ፤ ይህም በሩን ግማሽ ከፍቶ ግማሽ የመዝጋት ያህል ነበር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር፣ ለዚህ ክርክር አዲስ ነገር የሚጨምር አንድ ትንሽ ሳተላይት ከአሜሪካ ወደ ጠፈር ወጥቶ ነበር።

ሳተላይቱ የተሸከመው መሣሪያ የራዲዮ ግርዶሽ በሚባለው ጥበብ የሚሠራ ነው። ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘቅዝቃ የታችኛው ጠርዟ አድማሱን ሲነካ በምናይበት ጊዜ፣ እውነተኛይቱ ፀሐይ ከአድማስ በታች ጠልቃለች፤ ምስሏ ከፍ ብሎ የሚታየን፣ ብርሃኗ ወደ ታች እየታፈገ በሚሄደው አየር ውስጥ ሲያልፍ ስለሚታጠፍ ነው። የራዲዮ ሞገድም በዚሁ ሕግ ይታጠፋል። የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው፣ መንገደኛና መርከበኛ ያለበትን ስፍራ እንዲያውቅ ሲሉ ያለማቋረጥ ሞገድ ይልካሉ፤ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚዞር ሌላ ሳተላይት ደግሞ ይህን ለሌላ ጉዳይ የተላከ ሞገድ በምድር ጠርዝ ላይ አድፍጦ ያዳምጠዋል።

የአንዱን ግርዶሽ አካሄድ ቀርቦ ላየው ሰው፣ ነገሩ እጅግ ረቂቅ ነው። ዝቅ ብሎ የሚዞረው ሳተላይት በሴኮንድ ሰባት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሲገሰግስ፣ ላኪው ከምድር ጠርዝ በስተኋላ መጥለቅ ይጀምራል፤ ሞገዱም በመጀመሪያ አየር አለ በማይባልበት ከፍታ ቀጥ ብሎ ካለፈ በኋላ፣ መንገዱ ጥቂት በጥቂት ወደ ታች እየወረደ፣ አየሩ በታፈገ መጠን እየታጠፈ፣ ወደ ምድር ገጽ ሲጠጋ መታጠፉ አንድ ዲግሪ ያህል ይደርሳል፤ ይህም ሁሉ በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተጀምሮ ይፈጸማል። ተቀባዩ በየሴኮንዱ ሃምሳ ወይም መቶ ጊዜ የሞገዱን መዘግየት ይመዘግባል፤ ከመዘግየቱ የመታጠፉ መጠን፣ ከመታጠፉ የአየሩ እፍጋት፣ ከእፍጋቱም ግፊትና ሙቀት በስሌት ይወጣሉ።

የጥበቡ ክብር ያለው እዚህ ላይ ነው። ሌሎቹ የሳተላይት መሣሪያዎች ከአየሩ የሚወጣውን ጨረር ሲለኩ፣ ዕድሜያቸው በገፋ ቍጥር ልካቸው እየተዛነፈ ስለሚሄድ፣ ማረሚያ የሚሻ ማረሚያ ሲፈለግላቸው ይኖራሉ፤ የራዲዮ ግርዶሽ ግን በመሠረቱ የሚለካው ጊዜን ነው፣ ጊዜውንም የሚቈጥሩለት አቶማዊ ሰዓቶች ናቸው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2001 የተለካውና ዛሬ የሚለካው ሙቀት ያለ ብዙ ሙግት ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ትንበያ የሚሠሩ ታላላቅ ማእከሎችም የሌሎቹን መሣሪያዎች ዝንፈት የሚያርሙበት መልሕቅ አድርገውታል። ጕድለት የለውም ማለቴ አይደለም፤ ወደ ምድር በቀረበው እርጥብ አየር ውስጥ የተኑን ሥራ ከሙቀቱ ሥራ ለይቶ ለማወቅ ያስቸግራል፣ ወደ ጎንም የሁለትና የሦስት መቶ ኪሎ ሜትር አየር ባንድነት አማካይ አድርጎ ነው የሚያየው። ከስምንት እስከ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ግድም ባለው ከፍታ ግን እርሱን የሚተካከለው ጥቂት ነው።

ዘዴው የተወለደው ለምድር ታስቦ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1965 ማሪነር 4 የተባለችው መንኰራኵር ከማርስ በስተጀርባ ስታልፍ፣ የላከችው ሞገድ በፕላኔቷ ስስ አየር ውስጥ መታጠፉ በምድር ላይ ተለክቶ፣ በማርስ ገጽ ያለው ግፊት ከምድራችን ግፊት አንድ መቶኛ እንደማይሞላ ታወቀ። ወደ ምድራችን አየር እስኪመለስ ሠላሳ ዓመት የፈጀበት፣ ከሩቅ የሚመጣ ቋሚ ሞገድ የሚሰጥ ብዙ ላኪ ባለመኖሩ ነው፤ ጂ.ፒ.ኤስ. ይህን ሲያሟላ፣ በቦልደር፣ ኮሎራዶ የሚገኘው ዩካር የተባለው የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ከላይ ያነሣሁትን የ1995ቱን ሙከራ መርቶ ዘዴው እንደሚሠራ አስመሰከረ። ከዚያም ቻምፕ የተባለው የጀርመን ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ፣ ሳይቋረጥ እስከ ዛሬ የዘለቀውን የልኬት መዝገብ ከፈተ።

የታሪኩ እንግዳ ምዕራፍ ግን የታይዋን ነው። በየዓመቱ ከውቅያኖስ ተነሥቶ የሚመታትን አውሎ ነፋስ ባሕር ላይ ሳለ የሚለካላት አጥታ የኖረችው ይህች ደሴት፣ ከአሜሪካ ጋር ሆና ስድስት ትንንሽ ሳተላይቶችን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2006 በአንድ ሮኬት አስወነጨፈች፤ አሜሪካኖቹ ኮስሚክ፣ ታይዋኖቹ ፎርሞሳት 3 ይሏቸዋል። ከወጪው፣ ማለትም ከ100 ሚሊዮን ዶላር ግድም፣ አብዛኛውን የቻለችው ታይዋን ነች። ዋሽንግተን ከታይፔ ጋር የነበራትን መደበኛ የዲፕሎማሲ ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ1979 ስላቋረጠች፣ ውሉን የተፈራረሙት ሁለቱ መንግሥታት ሳይሆኑ ስለ እነርሱ ሆነው የሚሠሩ ወኪል ጽሕፈት ቤቶች ናቸው። ከዚህ የበለጠ የሚደንቀው፣ በዓለም የሜቲዎሮሎጂ ድርጅት ያለውን ወንበር እ.ኤ.አ. በ1972 ሕዝባዊት ቻይና ስለ ተረከበችው፣ ታይዋን የድርጅቱ አባል አለመሆንዋ ነው፤ ልውውጡን በሚደነግገው ጉባኤ ድምፅ የሌላት አገር፣ ባለ ድምፆቹ ሁሉ በነጻ የሚጠቀሙበትን ልኬት ከግምጃ ቤቷ ከፍላ አቀረበች ማለት ነው። ልግስና ነው ወይስ በር ማንኳኳት? ሁለቱም ይመስለኛል፤ በሁለቱም በኩል ግን የሚያስነቅፍ ነገር አላይበትም። ሳተላይቶቹ በደኅና ዘመናቸው በቀን ከሁለት ሺህ የሚበልጥ የአየር ቁመት ልኬት እየላኩ፣ ከተመደበላቸው ዕድሜ እጅግ አልፈው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 አገልግሎታቸውን ፈጸሙ።

በዚህ መካከል ሊቃውንቱ በዝምታ የሠሩት ሌላ ሥራ ነበር። ከአንዱ ሳተላይት የወጣውን ያንኑ ጥሬ መዝገብ፣ በቦልደር፣ በፓሳዴና፣ በፖትስዳም፣ በኮፐንሀገን፣ በግራትስና የአውሮፓ የአየር ሁኔታ ሳተላይት ድርጅት በሆነው በዩሜትሳት መሥሪያ ቤት በዳርምሽታት ያሉ ስድስት ማእከሎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ስሌት አስልተው፣ ውጤታቸውን አንዱ በሌላው ፊት እያቀረቡ አስተያዩት። የራስን ስሌት ለባልንጀራ ምርመራ አሳልፎ መስጠት በሌላ ሙያ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ የአየር ንብረት ለውጥን በሚመለከት ግን ያለዚህ የሚታመን ቃል ሊነገር አይችልም። ከዚህ መዝገብና ከፊኛ ልኬቶች ከተገኙት ፍሬዎች አንዱ፣ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ደመናማው የታችኛው አየር የሚያበቃበት ወሰን በየዐሥር ዓመቱ ከ50 እስከ 60 ሜትር ወደ ላይ ከፍ እያለ መሄዱ ነው፤ ከበታቹ ያለው አየር ሲሞቅ ይለጠጣልና።

ሁለተኛው የኮስሚክ ትውልድ ዐሥራ ሁለት ሳተላይቶች እንዲኖሩት ታስቦ ነበር፤ ስድስቱ በምድር ወገብ ግራና ቀኝ፣ ስድስቱ ደግሞ በዋልታዎቹ ላይ እንዲዞሩ። የመጀመሪያዎቹ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 ወጡ፤ የዋልታዎቹ ግን ገንዘብ ስላልተገኘላቸው አስቀድሞ በ2017 ተሰርዘው ነበር። የወጡት ስድስቱ በየቀኑ ከአራት ሺህ በላይ ልኬት ሲልኩ፣ ስፍራቸው የምድር ወገብ ግራና ቀኝ ስለሆነ፣ መለኪያ የተሸከመ ፊኛ የሚያስነሡ ጣቢያዎች እጅግ በተራራቁባት በአፍሪካ ላይ፣ ከዚያም ውስጥ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ፣ በብዛት ያልፋሉ፤ የክረምታችንን ዝናም የሚተነብዩት የዓለም ሞዴሎችም ከዚህ ይጠቀማሉ።

በዋልታዎቹ በኩል የቀረውን ክፍተት ለመሙላት ነጋዴዎች ብቅ አሉ። እንደ ስፓየር ያሉ ኩባንያዎች ጫማ የሚያስቀምጡበት ሣጥን ከሚያህል ሳተላይት ተመሳሳይ ልኬት እያወጡ መሸጥ ጀመሩ፤ የአሜሪካው የውቅያኖስና የአየር አስተዳደር ኖኣም ከብዙ ሙከራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 ለዘወትር አገልግሎት ይገዛቸው ዘንድ ተዋዋለ። በዚያው ዓመት፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት አውሮፕላኖች መሬት ላይ ስለ ቀሩ፣ በበረራ ላይ ይለኩት የነበረው ነፋስና ሙቀት ለትንበያ ማእከሎች እጅጉን ሲጎድልባቸው፣ ስፓየር ልኬቱን ለአውሮፓው የትንበያ ማእከል ለጊዜው በነጻ ሰጠ፤ ጥቅሙም በትንበያው ላይ ታየ።

ሆኖም የተገዛ ልኬት እንደ ተሰጠ ልኬት አይደለም። ሻጩ ዋጋውን የሚቈርጠው በፈቃዱ ስፋት ነው፦ ለገዢው መንግሥት ብቻ፣ ወይም ለዓለም የሜቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤቶች፣ ወይም ለማንኛውም ሰው፤ ፈቃዱ በሰፋ ቍጥር ሻጩ ነገ ከሌላው ገዢ የሚያገኘውን ስለሚያጣ ዋጋው ይከብዳል። የነጋዴውን ድርሻ የሚደግፉት ወገኖች ሳተላይቱ ርካሽ፣ ሥራው ፈጣን ነው ይላሉ፣ ሐሰትም አልተናገሩም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የሃያና የሠላሳ ዓመት መዝገብ ነው፤ ለነገ ትንበያ የሚያገለግል ልኬት በየዓመቱ ውል ቢገዛ ያዋጣ ይሆናል፣ ኩባንያው በከሰረ ወይም ውሉ ባልታደሰ ጊዜ የሚቋረጥ መዝገብ ግን የአየር ንብረትን ለሚመረምር ሰው የሚሆን አይደለም። የዘርፉ ጠበብት የሚሰበሰቡበት ዓለም አቀፍ የሥራ ጉባኤ በቀን 20,000 ልኬት እንዲደርስና ለሁሉም በነጻ እንዲሰጥ ሲመክር፣ ከነዚህም መንግሥታት ራሳቸው የሚይዙት የጸና መሠረት እንዲኖር የሚጠይቀው ስለዚህ ይመስለኛል።

የዓለም የሜቲዎሮሎጂ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የ1995ቱን ውሳኔ በአዲስ ተክቶ፣ አባሎቹ ዋና የሚባሉትን ልኬቶች በነጻ እንዲለዋወጡ አጥብቆ ደነገገ፤ ከነጋዴ የተገዛው ግን የሚሄደው ውሉ እስከ ፈቀደለት ድረስ ነው። ሜትኦፕ የተባሉት የአውሮፓ የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች አዲስ ትውልድ የመጀመሪያው ሳተላይት የራዲዮ ግርዶሽ መሣሪያውን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2025 ወጥቷል። የሁለተኛው የኮስሚክ ትውልድ ስድስቱ የታይዋንና የአሜሪካ ሳተላይቶች ደግሞ የታቀደላቸውን አምስት ዓመት ጨርሰዋል።