የፍለጋ ሕግ ሲለወጥ የድረ ገጽ ባለቤት ምን ያድርግ?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ያቀረቡት ስልት፥ አንድ ገጽ በሌሎች ገጾች ምን ያህል እንደ ተጠቆመ አይቶ ማዕርግ የሚሰጥ ነበር። ሐሳቡ ለእኛ ለተማሪዎች እንግዳ አይደለም፤ ብዙ የተጠቀሰ ጽሑፍ ይከበራልና። ነገር ግን መመዘኛው ከታወቀ በኋላ ሊንክ እንደ ሸቀጥ ይሸጥ ጀመር።

ጉግል በ2011 ፓንዳ በተባለው ለውጥ ፍሬ ቢስ ገጾችን ዝቅ አደረገ፤ በአሜሪካም ከሚደረገው ፍለጋ 12 ከመቶ ያህሉ ተነካ። በ2012 የተከተለው ፔንግዊን በተገዛ ሊንክ የወጡትን ቀጣ። ከሁሉ የከፋው ግን ጥፋቱን ያረመ ሰው እንኳ ስልቱ እስኪታደስ ድረስ ከቅጣቱ አለመውጣቱ ነው፤ ከ2014 መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር 2016 ድረስ ሁለት ዓመት ገደማ የጠበቁ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ፔንግዊን ሳያቋርጥ የሚታደስ ሆነ፤ መጥፎውንም ሊንክ ከመቅጣት ይልቅ ዋጋ ማሳጣትን መረጠ።

እንግዲህ ጎብኚ የቀነሰበት ሰው ሁሉን ከመለወጡ በፊት ቀኖችን ያስተያይ። ቁልቁለቱ የጀመረው ለውጡ በታወጀበት ሰሞን ነውን? ካልሆነ፥ ምናልባት ስሕተቱ በገጹ አሠራር ይሆናል። በአማርኛ የሚጽፍም አንዱን ቃል በ«ሀ»ም በ«ሐ»ም እየጻፈ መደርደር ያምረው ይሆናል፤ ጉግል ግን ቃል መደጋገምን ከማጭበርበር ይቈጥረዋል።