ስንዴ ለማትበላ ልጅ የሚሠራ የሥጋና የአትክልት ሲኒያ

ይህን በስልክ ድምፄን ቀድቼ ነው የምልክላችሁ፤ የሚጽፉት እህቶች የተሳሳትኩትን ያስተካክሉልኛል። የምሠራው ሪያድ፣ ሱወይዲ ሰፈር ነው። እዚህ ቤት ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ትምህርት ያቆምኩት ከአሥረኛ ክፍል ስለሆነ ስለ በሽታ እንደ ሐኪም ማውራት አልችልም። ስለ ድስትና ስለ ማንኪያ ግን የማውቀውን እነግራችኋለሁ።

ዛሬ የማወራው ዱቄት ሳይገባበት መረቁ ወፈር ብሎ ስለሚሠራ የሥጋና የአትክልት ሙሌት ነው። አረቦቹ ሐሽዋ የሚሉት፣ ከላይ በድንች ተሸፍኖ ፉርን ውስጥ የሚገባው ማለቴ ነው። ፈረንጆች ፓይ ይሉታል፤ የእነሱ በሊጥ ነው የሚሸፈነው። የእኛ ቤት ደግሞ ሊጥ የማትበላ ልጅ አለች። እሷን እንዴት እንዳሳመምኳት ልንገራችሁና ወደ አሠራሩ እገባለሁ።

ስመጣ ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነበር። ማዳሜ በመጀመሪያው ቀን ወደ እሷ እያመለከተች "ሃዲ ማ ታኩል ኹብዝ" አለችኝ። ይቺ ዳቦ አትበላም ማለት ነው። እኔ የተረዳሁት ዳቦ የማትወድ፣ የተሞላቀቀች ልጅ ናት ብዬ ነው። አገራችን ዳቦ የማይወድ ልጅ ተባብሎ ይጎረሳል እንጂ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? በሦስተኛው ሳምንት ሥጋ በካሮት ሠራሁ። መረቁ ቀጠነብኝ። ሁለት ማንኪያ ዱቄት በውሃ በጥብጬ ጨመርኩበት፤ ወፈረ፣ አማረ፣ ሁሉም በሉ። ሌሊት ልጅቷ ታስመልስ ጀመር። ሆዷ ተነፋ፣ ሦስት ቀን ተቅማጥ አልለቀቃትም። ማዳሜ ምን ጨመርሽበት ብላ ስትጠይቀኝ ሥጋ፣ ካሮት፣ ሽንኩርት፣ ሳልሳ ብዬ ቆጠርኩላት። ዱቄቱን አልጠራሁም። እውነቴን ነው፣ ልደብቅ ብዬ አይደለም፤ ሁለት ማንኪያ ዱቄት ለእኔ ከምግብ የሚቆጠር አልነበረም።

በአራተኛው ቀን እንደገና ዱቄቱን ሳነሳ አየችኝ። ጮኸችብኝ፤ ወደ መክተብ እመልስሻለሁ አለችኝ። መክተብ መመለስ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። የአገሬን ዕዳ ገና አንድ ወር እንኳን አልከፈልኩም ነበር። ያዳነችኝ ትልቋ ልጅ ናት። ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። ማድ ቤት ወለል ላይ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ስልኳን ይዛ፣ ቀስ ብላ አስረዳችኝ።

በሽታው ሲሊያክ ይባላል። ብዙዎቹ ግን ሐሳሲየት አልቀምሕ ይሉታል፣ የስንዴ አለርጂ እንደማለት። ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ፤ ሊጥ ስንለውስ እንደ ማስቲካ የሚሳበው እሱ ነው። ይህ በሽታ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ ሰውነቱ የገዛ አንጀቱን ይጎዳል። ቀጭኑ አንጀት ውስጥ ምግብ የሚቀበሉ እንደ ፀጉር ያሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ እነሱ ይጠፋሉ። ልጁ እየበላ ይከሳል፣ ደም ያንሰዋል፣ ቁመቱ ይቀራል። አይተላለፍም። የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ መፍትሔው ዕድሜ ልክ ግሉተን አለመብላት ብቻ ነው። ሲተወው አንጀቱ ይድናል። ትልቋ ልጅ እንዳነበበችልኝ ስንዴ መሆኑን ያወቀው ዲከ የሚባል የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ነው። በ1944 እና በ1945 በፈረንጆች፣ በጦርነቱ ሆላንድ ተርቦ ዳቦ ሲጠፋ፣ ሌላው ሰው ሲከሳ እነዚህ ሕፃናት ተሻላቸው። ዳቦው ሲመለስ መልሰው ታመሙ። ይህን ስሰማ ነው የእኔ ሁለት ማንኪያ ዱቄት ምን እንዳደረገ የገባኝ።

አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ግሉተን ጀርም አይደለም። ብታፈሉት፣ ብታቃጥሉት አይሞትም። እኔ መጀመሪያ ደህና አድርጌ ካፈላሁት ምንም አይል ብዬ አስብ ነበር።

የማይሆነውን ልቁጠርላችሁ። ስንዴና ከስንዴ የሚሠራው ሁሉ፣ ማለት ጀሪሽ፣ ሐሪስ፣ መርቁቅ፣ ቡርጉል፣ ፍሪካ፣ ሰሚድ፣ መከሮኒ፣ የሳምቡሳ ቅጠል። ገብስም እንዲሁ፤ ስለዚህ በሶአችንና የገብስ ቆሎአችን የሉበትም። ሹፋን፣ የእኛ አጃ፣ ብዙ ጊዜ ከስንዴ ጋር ስለሚነካካ ከግሉተን ነፃ ተብሎ ካልተጻፈበትና ሐኪሟ ካልፈቀደ አልነካውም። የሚሆነው ደግሞ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ድንች፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ እና ጤፋችን። ጤፍ ግሉተን የለበትም ሲባል ደስ ብሎኝ ለልጅቷ እንጀራ ልሰጣት ነበር። ቆይ ግን፣ እዚህ የምንጋግረው እንጀራ ስንት ጊዜ የስንዴ ዱቄት ይገባበታል! ከአገር የሚላክልን ጤፍም ቢሆን ስንዴና ገብስ በሚፈጭበት ወፍጮ ነው የሚፈጨው። ንጹሕ መሆኑን ካላወቃችሁ ለታመመ ልጅ አትስጡ።

አሁን ወደ ድስቱ። ልኬቱ ለስምንት ሰው ነው። 1 ኪሎ አጥንት የሌለው የበሬ ወይም የበግ ሥጋ፣ ከትከሻው ቢሆን ጥሩ ነው፣ እንደ አውራ ጣት ጫፍ አድርጋችሁ ክተፉ። በሶፍት ውሃውን አድርቁት። ብዙ ማዳሞች ሥጋውን ዱቄት አልብሰው ነው የሚጠብሱት፤ እሱን ዝለሉት፣ የደረቀ ሥጋ ያለ ዱቄትም ቀይ ይሆናል። 3 ማንኪያ ዘይት በደንብ ይጋል፣ ሥጋውን በሦስት ዙር ጥበሱ። አንዴ ከገለበጣችሁት ውሃ አውጥቶ ይቀቀልባችኋል፤ ጣዕሙ ያለው ደግሞ ድስቱ ላይ የሚይዘው ቡናማ ነገር ነው። ያወጣችሁበት ድስት ሳይታጠብ 2 ትልልቅ ሽንኩርት ጨምሩበት፣ በሽንኩርቱ ውሃ ቂጡን እየፋቃችሁ። ከዚያ 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ሳልሳ። ሳልሳው ቀለሙ እስኪጠቁር ይቁላላ፤ ካልተቁላላ ይጎመዝዛል።

ቅመሙ 1 የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ ግማሽ ቀረፋ፣ 3 ፍሬ ሄል፣ 2 የወረቅ ጋር ቅጠል። ተፈጭቶ ተቀላቅሎ የሚሸጠውን በሃራት ትቼ እኔው እፈጫለሁ፣ ምን እንደገባበት ስለማላውቅ። የሾርባ ቅመሙንም፣ የማንም ድርጅት ይሁን ሁላችንም ማጊ የምንለውን ማለቴ ነው፣ ስንዴ ያለበት ስላለ ካርቶኑን ሳላስነብብ አልጨምርም። ጨው 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ ልሙጥ። ጨዉን የምለካው በጾም ስለማልቀምስ ነው። በረመዳን ደግሞ ማዳሜም አትቀምስም፤ በዚያ ወር ማንኪያ ካልለካልን የሚነግረን የለም።

ሥጋውን መልሱ፣ 3 ኩባያ የፈላ ውሃ ጨምሩ፣ ከድናችሁ በትንሽ እሳት ተዉት። የበሬ ከሆነ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ የበግ ከሆነ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ሥጋው ሊበስል ሲል 3 ካሮትና 2 ዘንግ ከረፍስ ጨምሩ፣ ለ15 ደቂቃ። መጨረሻ ላይ 1 ኩባያ ባዚላ፣ አረንጓዴው አተር። ኩሳ የምትወዱ ለብቻው ጠብሳችሁ ጨምሩት፤ ጥሬውን ከጨመራችሁት ውሃውን ይለቅና ልፋታችሁን ያጠፋዋል። ድንች ውስጡ አልጨምርም፣ ከላይ ይመጣል።

ዋናው ጉዳይ ማወፈሩ ነው፤ እኔም የጠፋሁት እዚያ ነው። በዱቄት ፈንታ ነሻ ተጠቀሙ፣ የበቆሎ ስታርች ማለት ነው። ነሻ ስትገዙ የበቆሎ መሆኑን አረጋግጡ፣ ከስንዴም የሚሠራ አለ። ነሻ ጉልበቱ ከዱቄት ወደ እጥፍ ስለሚጠጋ በዱቄት ልክ አትጨምሩት። መረቁ ወደ 2 ኩባያ ሲቀር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ነሻ በሩብ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። ቀዝቃዛ ነው ያልኩት፤ በሙቅ ከሆነ ይጓጉላል። መረቁ እየፈላ እያማሰላችሁ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። አንድ ሁለት ደቂቃ ይፍላና አውርዱት። በጣም ካፈላችሁት መልሶ ይቀጥናል። ሎሚም ቢሆን ያቀጥነዋል፣ ካወረዳችሁ በኋላ ጨምሩ። ለመለካት ማንኪያውን በድስቱ ቂጥ ጎትቱት፤ መንገዱ ትንሽ ቆይቶ ከተዘጋ ደርሷል። ከወጥ ትንሽ ወፈር ይበል፤ ቀጭን ከሆነ ድንቹ ይሰምጥበታል።

ነሻ ያላገኘ አንድ የተቀቀለ ድንች ደፍጥጦ ቢያማስልበት ይወፍራል። አንድ ጊዜ ለራሴ በጤፍ ሞከርኩት። 2 ማንኪያ የጤፍ ዱቄት በደረቁ አመስ አድርጌ፣ በጥብጬ፣ አሥር ደቂቃ አበሰልኩት። ቀለሙ ጠቆረ፤ ጣዕሙ ግን የእናቴን ቤት አስታወሰኝ። ማዳሜ ሽታው መጣባትና ምንድነው ብላ መጥታ ከድስቴ በላች!

ለሽፋኑ 1 ኪሎ ተኩል ድንች ከነልጣጩ ቀቅሉ፤ ተልጦ ከተቀቀለ ውሃ ይጠጣል። በትኩሱ ላጡት፣ ደፍጥጡት፣ 50 ግራም ቅቤ፣ ግማሽ ኩባያ ሙቅ ወተት፣ የአንድ እንቁላል አስኳልና ጨው ጨምሩ። ሙሌቱን ሲኒያው ላይ ዘርግታችሁ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ድንቹን ከዳር ጀምራችሁ ወደ መሃል አልብሱት። በሹካ መስመር አውጡበት፣ መስመሩ ነው የሚቀላው። በ200 ዲግሪ 30 ደቂቃ፣ ዳሩ ላይ መረቁ ቡልቅ ቡልቅ እስኪል። ወጥቶ ሩብ ሰዓት ሳይቆይ ከቆረጣችሁት ይፈርሳል።

ይህን ሁሉ አሟልታችሁ በአንድ ማንኪያ ልታበላሹት ትችላላችሁ። የእንጨት ማንኪያና የእንጨት መክተፊያ ስንጥቅ ውስጥ ዱቄት ስለሚይዙ ለልጅቷ የብቻዋ አላት፣ ቀይ ክር አስሬበታለሁ። መከሮኒ የምናጠልበት ወንፊትም እንዲሁ። ሳምቡሳ የተጠበሰበት ዘይት ለእሷ አይሆንም። ሁሉም ዳቦ የሚቀባበት የቅቤ ዕቃ ፍርፋሪ ስላለበት ለእሷ አዲስ እከፍታለሁ። ዱቄት ስንነፋ ብናኙ ስለሚንሳፈፍ በዚያ ቀን የእሷን ምግብ አስቀድሜ አብስዬ፣ ከድኜ አስቀምጣለሁ። ጠረጴዛ የጠረግሁበትን ጨርቅም እቀይራለሁ። ይበዛል ትሉ ይሆናል፤ አሁን ሳላስበው ነው እጄ የሚሠራው።

ጽሑፍ ማንበብ የማትችሉ አትፈሩ። እኔም አረብኛ አላነብም። ትልቋ ልጅ ቀምሕ፣ ሸዒር፣ ደቂቅ፣ ሰሚድ የሚሉትን በትልልቁ ጻፈችልኝ፣ ቁም ሣጥኑ በር ውስጥ ለጥፌዋለሁ። ዕቃ ሲገዛ ካርቶኑን አጠገቡ ይዤ ቅርጹን አስተያያለሁ። ኻሊ ሚን አልግሉቲን የሚለውንም ጽፋልኛለች፣ ከግሉተን ነፃ ማለት ነው። እናንተም አስጽፉ። አዲስ ቤት ስትገቡም በመጀመሪያው ቀን "በዚህ ቤት ምግብ የማይስማማው አለ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ አይበላም ሲሏችሁ ደግሞ አይወድም ወይስ ያመዋል ብላችሁ ድገሙ።

ባለፈው ረመዳን አያቷ ቤት ሁሉም ተሰብስበው ነበር። በየዓመቱ ልጆቹ ሳምቡሳና ፋጣኢር ሲሻሙ እሷ ዳር ላይ ሩዝ ባለበት ትንሽ ሳህኗ ትቀመጣለች። ዘንድሮ ሁለት ትልልቅ ሲኒያ ሠርቼ ሄድኩ። ከመቅረባቸው በፊት የእሷን በንጹሕ ማንኪያ አስቀድሜ ቆርጬ አወጣሁ፣ የሌሎቹ እጅ ዳቦ ይዞ ወደ ሲኒያው ስለሚገባ። የአጎቷ ልጅ ሳህኗን አይቶ "ይሄ እኮ የእኛው ነው" አላት። "አዎ፣ የእናንተው ነው" አለችው፤ ሁለተኛም አስጨመረች።

የተረፈ ካለ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን ይቆያል። ፍሪዘር የምታስገቡ ሙሌቱን ብቻ አስገቡ፤ ድንቹ ከቀዘቀዘ በኋላ ሲሞቅ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ እሱን በዕለቱ ሥሩት።