ከምንቸት አብሽ ላይ ስብን መቀነስ፦ ከመርካቶ ገበያ እስከ ማድ ቤት



የዛሬው ትምህርታችን ከቤተ ሙከራ ሳይሆን ከመርካቶ ይጀምራል። በበርበሬ በረንዳ በኩል አልፎ በርበሬ፣ ኮረሪማና አብሽ የሸመተ፣ ቅቤ አስመዝኖ ወደ ሥጋ ቤት ጎራ ያለ ሰው የምንቸት አብሽ ሙሉ ዝግጅት በዘንቢሉ ይዟል። ከቤተሰቡ መካከል ሐኪም «ቅባት ቀንስ» ያለው ካለ ግን ጥያቄ ይነሣል፦ የወጡን ጣዕም ሳናጣ ስቡን መቀነስ ይቻላልን?

በመጀመሪያ ስቡ ከየት እንደሚመጣ እንለይ። ከመቶው 20 እጅ ስብ ያለበት ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ 100 ግራም ስብ ይይዛል። ከዚህ ግማሹን አስወግደን አራት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ብንጨምር፣ አንዱ ማንኪያ 13 ግራም ያህል ስለሆነ፣ ያወጣነውን በሙሉ መልሰን አስገባን ማለት ነው። ስለዚህ ቅቤን በዓይን ከመገመት በማንኪያ መለካት ከሁሉ ይቀድማል። ሥጋውንም ጮማውና ሞራው ተለይቶለት ቀዩን ማስፈጨት ይገባል።

ሁለተኛው እርምጃ ማቅለጥና ማጥለል ነው። ሥጋ ሲደቅቅ ለሙቀት የሚጋለጠው ገጽ ስለሚበዛ ስቡ በቀላሉ ቀልጦ ይወጣል። በ1991 እ.ኤ.አ. ዶናልድ ስሞልና ባልደረቦቹ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን ባሳተሙት ጥናት፣ የተፈጨ ሥጋን በአትክልት ዘይት አሙቆ፣ አጥልሎና በፈላ ውሃ አጥቦ ሳቹሬትድ ስብንና ኮሌስትሮልን መቀነስ እንደሚቻል አሳይተዋል።

በእኛ ማድ ቤት ቀላሉ መንገድ ሥጋውን ለብቻው በጥቂት ውሃ እያማሰሉ ማብሰልና በማጥለያ ማጥለል ነው። ውሃውን ግን አንድፋው፤ በውሃ የሚሟሙ ቢ ቫይታሚኖችና የሥጋው ጣዕም በውስጡ አሉ። በማቀዝቀዣ ሲያድር ስቡ ከላይ ይረጋል፤ እርሱን በማንኪያ ገፍፈን መረቁን ወደ ወጡ እንመልሳለን። የተገፈፈው ስብ በቧንቧ ቢደፋ መልሶ ረግቶ መስመር ስለሚዘጋ በቆርቆሮ አጠራቅሞ መጣል ይሻላል።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። የበርበሬን ቀለምና ማቃጠል የሚሰጡት ውሕዶች በስብ የሚሟሙ ናቸው። ቁሌቱ ከሥጋው ጋር ከተዋሐደ በኋላ ቅባቱን የሚቀዳ ሰው በርበሬውንም አብሮ ይቀዳል። ስለዚህ ማጥለሉ ከቁሌቱ በፊት ይሁን። ሽንኩርቱ ያለ ቅባት በራሱ ውሃ ይቁላላ፤ በርበሬው በተለካው ጥቂት ቅባት ይብሰል፤ ከዚያ ሥጋውና መረቁ ይግቡ። መዓዛ የሚሰጠውን ንጥር ቅቤና መከለሻውን በመጨረሻ ላይ መጨመር፣ ጥቂቱ ብዙ መስሎ እንዲሸት ያደርጋል። በቅቤ ፈንታ የሚረጋውን የፓልም ዘይት መጠቀም ግን መፍትሔ አይደለም፤ ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ስብ ነውና።

በመጨረሻ አንድ ማስጠንቀቂያ። ስብ በግራም 9 ኪሎ ካሎሪ የሚሰጥ ምግብ እንጂ መርዝ አይደለም። ለልብ ሕመምተኛ የሚገፈፈው ስብ፣ ክብደቱ ላነሰ ሕፃን የሚያስፈልግ ጉልበት ሊሆን ይችላል። በአንድ ትሪ ዙሪያ ሁለቱም ይቀመጣሉ። እንግዲህ ጥበቡ ወጡን ቀለል አድርጎ ሠርቶ፣ ለሚያስፈልገው ድርሻ ላይ ብቻ ቅቤ መጨመር ነው።