«ደዌ» የሚለው ቃል ከየት ወዴት?



ባለፈው ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር በሸዋ በር ገበያ ስናልፍ አንዲት እናት የደረቀ ቅጠልና ሥር ዘርግተው «ደዋ! ደዋ ገራ!» እያሉ ይጠራሉ። ጓደኛዬ ከጎጃም የመጣ ነውና «ሴትዮዋ ደዌ ነው እንዴ የሚሸጡት?» ብሎ ደነገጠ። የሆድ መድኃኒት ማለታቸው መሆኑን ስነግረው ተሳሳቅን። ነገሩ ግን ከቀልድ ያለፈ ነው።

«ደዌ» በግእዝ በሽታ ነው፤ ግሡ «ደወየ»፣ ታመመ፣ ይባላል። ይኸው ሥር በዕብራይስጥም ሕመምን ያመለክታል። በዓረብኛ «ደዊየ» ታመመ ሲሆን፣ የዚያው ሥር ልጅ «ደዋእ» ግን መድኃኒት ማለት ነው። የኦሮምኛው «ደዋ» የመጣው ከዚህ ነው። እንግዲህ የጓደኛዬ ደዌና የሴትዮዋ ደዋ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው።

ቃል ትርጉሙ ሊጠብም ይችላል። በግእዝ «ደዌ ሥጋ» ከ«ደዌ ነፍስ» ለመለየት የሚነገር፣ ማናቸውንም የአካል ሕመም የሚያጠቃልል ነው። በአማርኛ «የሥጋ ደዌ» ስንል ግን የምናስበው አንድ በሽታ ብቻ ነው። ለዚህ በሽታ ሕሙማን እዚሁ ሐረር እ.ኤ.አ. በ1901 የካፑቺን ሚስዮናውያን መጠለያ ከፍተው ነበር። ተሕዋሱን ኖርዌያዊው ሐንሰን በ1873 አገኘው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በተጣመሩ መድኃኒቶች ይድናል።

«ለምጽ»ስ? በመጽሐፍ ቅዱስ ሰውን ከሰፈር የሚያስወጣ ደዌ ነው። ዛሬ ለምጽ የምንለው ግን ቆዳ ቀለሙን አጥቶ ሲነጣ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ለማስተማር ልምምድ በገባሁበት አንድ ክፍል፣ ከንፈሩ አካባቢ የነጣ ልጅ ለብቻው ተቀምጦ አየሁ። ለምን ብዬ ብጠይቅ «ቲቸር፣ ለምጽ ነው፤ ይጋባል» አሉኝ። የቃሉ ትርጉም ተለውጧል፤ የድሮው ፍርሃት ግን ከቃሉ ጋር አብሮ መጥቷል። አጠገቡ ተቀምጬ እጁን ይዤ አስረዳኋቸው። በማግስቱ አንዲት ልጅ ደብተሯን ይዛ ከጎኑ ተቀመጠች።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ነገ ክፍል ስንገባ የበሽታን ስም ከመጥራታችን በፊት ትርጉሙን እንወቅ። ባንድ አፍ ደዌም ደዋም ይወጣል።